ያለ ክፍያ ሙከራ ሠርቼ ተባረርኩ፤ የአስተናጋጅ ሥራ የፈለገ ሰው እንዲህ ነው የሚስተናገደው?

መነሻ ጽሑፍ

ሰላም ለዚህ ቤት ሰዎች። መልሶቹ ስለበዙ ከላይ ጀምሮ ለማንበብ ጊዜ የሌለው እንዳይቸገር ብዬ የተባለውን በየቁጥሩ ከታች አስቀምጫለሁ። የማንንም ቃል አልገለበጥኩም፣ በራሴ አነጋገር ነው የጻፍኩት። አንዳንድ ቦታ ሐሳቤንም ጣል አድርጌበታለሁ። ክሩን፣ ማለትም ይሄን ውይይት፣ የከፈትኩት እኔ ነኝና ይፈቀድልኝ።

የመንዝ ልጅ ነኝ፤ መሐል ሜዳ ነው ያደግኩት። በሆቴል መስተንግዶ ሌቭል 2 ጨርሼ ሲኦሲ የሚባለውን የብቃት ምዘና አልፌያለሁ። ደብረ ብርሃን አክስቴ ቤት ተቀምጬ ሥራ ስፈልግ፣ ወደ ደሴ የሚወስደው አስፋልት ዳር ያለ አንድ ሬስቶራንት በሩ ላይ አስተናጋጅ እንፈልጋለን ብሎ ለጥፎ አየሁ። የቤቱን ስም አልጽፍም። እባካችሁ እናንተም አትገምቱ።

ጠዋት 2 ሰዓት ላይ ደረስኩ። ካሸሯ ማናጀሩ እስኪመጣ ጠብቂ አለችኝ። ልቀመጥ ወይ ብላት ወንበሩ የደንበኛ ነው አለች። ባንኮኒው አጠገብ ቆምኩ። የደብረ ብርሃንን ጠዋት የሚያውቅ ያውቀዋል፤ በሩ በተከፈተ ቁጥር ብርዱ አጥንት ይገባል። ማናጀሩ 4 ሰዓት አልፎ መጣ። ሰላም እንኳን አላለኝም። ተቀምጦ ፍርፍር አዘዘና እየበላ ወረቀትሽን አምጪ አለኝ። በሚጎርስበት እጁ ተቀበለኝ። ሰርተፊኬቴ ላይ፣ ፎቶዬ ካለበት ጎን፣ የአውራ ጣቱ ቀይ አሻራ ቀረ። አየው። በሶፍት ጠረግ ሲያደርገው ጭራሽ ተስፋፋ። ይቅርታ የሚባል ነገር የለም።

ከዚያ ከእግር እስከ ራሴ አየኝና ትሪ መያዝ የተማርኩት በግ ስጠብቅ እንደሆነ ጠየቀኝ። ባሬስታው ሳቀ። ቁመናሽን ልይ፣ ዞር በይ ሲለኝ አልዞርኩም። ኩራትሽን ቤትሽ ትተሽው ነይ አለኝና በማግስቱ ጠዋት 12 ሰዓት ለሙከራ እንድመጣ አዘዘኝ። ለምን ሄድሽ ትሉኛላችሁ። ሥራ ስለሌለኝ ነዋ።

ከጠዋቱ 12 ሰዓት እስከ ማታ 3 ሰዓት ነው ሥራው። ጠረጴዛ መጥረግ፣ ስኒ ማጠብ፣ ኦርደር መቀበል፣ ሲመሽ ደግሞ ሽንት ቤት ማጽዳት። ሲጠራኝ ጣቱን እያጮኸ ነው፤ ስሜን አንድም ቀን አልጠራውም። እንዲህ እያልኩ ቆይቼ አንድ ማታ ልምድ ያላት ልጅ ስላገኘን ከነገ ጀምሮ አትምጪ አለኝ። የሠራሁበትስ ብዬ ጠየቅኩ። ሙከራ አይከፈልበትም፣ እንዲያውም ሙያ ስላስተማርንሽ አንቺ ነሽ መክፈል ያለብሽ ብሎ ካሸሯን እያየ ሳቀ።

ጥያቄዬ ይሄ ነው። እንዲህ ያለው ሙከራ በሕግ ይከፈልበታል ወይስ አይከፈልበትም? ደግሞስ እኔን ብቻ ነው የገጠመኝ?

መልሶቹ

ቁጥር 1 አይዞሽ ከማለት ሌላ ብዙ አላለችም። ግን ጽሑፉ በወጣ በደቂቃ ውስጥ ስለደረሰችልኝ አመሰግናታለሁ።

ቁጥር 2 ሸዋ ሮቢት ላይ በአስተናጋጅነት የሠራች ናት። የእሷ አለቃ ሥራ ልትጠይቅ የሄደች ዕለት መታወቂያዋን ተቀብሎ መሳቢያ ውስጥ ቆለፈበት። እንዳትጠፋ ዋስትና መሆኑ ነው። በኋላ ልልቀቅ ስትለው የተሰበሩ ብርጭቆዎችን ቆጥሮ ሂሳብ አወጣባት። እንደ እሷ አባባል ግማሾቹ ገና ሳትቀጠር የተሰበሩ ናቸው። አዲስ መታወቂያ ለማውጣት ከመንከራተት ብላ ከፍላ ወጣች። የሸዋ ሮቢት ሙቀት ስላለ ቢያንስ እንደ አንቺ በብርድ አልቆምኩም ብላ መቀለዷ አሳቀኝ።

ቁጥር 3 እዚህ ክር ላይ ከሁሉም በላይ የጠቀመኝ ሰው ነው። የሕግ ተማሪ ይመስለኛል፣ ወይ ሠራተኛ ማኅበር ውስጥ የሠራ። አሁን የሚሠራበት የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 መሆኑን ነግሮኝ ነጥብ በነጥብ አስረዳኝ። አንደኛ፣ ሙከራ ነው ለማለት በጽሑፍ የተደረገ ስምምነት ያስፈልጋል። የፈረምሽው ወረቀት ከሌለ ሙከራ ላይ አልነበርሽም፤ ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ ሠራተኛ ነሽ ነው የሚለው። ሁለተኛ፣ ወረቀት ቢኖርም እንኳን በሙከራ ላይ ያለ ሰው እንደማንኛውም ሠራተኛ ደመወዙን ያገኛል። አሠሪው በሙከራ ጊዜ አልተስማማሽኝም ብሎ ያለ ማስጠንቀቂያ ሊያሰናብት ይችላል። የተሠራበትን ገንዘብ ግን ሊያስቀር አይችልም። ሦስተኛ፣ መደበኛው የሥራ ሰዓት በቀን 8፣ በሳምንት 48 ነው። ከዚያ በላይ ያለው እስከ ማታ 4 ሰዓት ከሆነ በአንድ ተኩል ተባዝቶ ይከፈላል። ትርፍ ሰዓቱ ራሱ በቀን ከ4 መብለጥ የለበትም። እኔ የቆምኩትን ሰዓት አስልቶ፣ ክፍያው ቀርቶ ሰዓቱ ራሱ ሕግ የጣሰ ነው ብሎ ደመደመ። ሥራው ሲቋረጥ ሂሳብሽ በ7 የሥራ ቀናት ውስጥ መከፈል እንዳለበትም ጨመረ። መጨረሻ ላይ የሙከራ ጊዜ ጣሪያው 45 ቀን ነው አለ። ይቺ ነገር ቁጥር 5ን አስነሳችበት።

ከዚያ በፊት ግን ቁጥር 4 ብቅ አለ። ተስፋ የቆረጠ ሰው ድምፅ ነው ያለው። ሕጉ ቆንጆ እንደሆነ፣ ቆንጆነቱ ግን ወረቀት ላይ እንደሚቀር ጻፈ። ለዚህች ገንዘብ ብለሽ ቢሮ ለቢሮ ስትዞሪ ለታክሲና ለፎቶ ኮፒ የምታወጪው ይበልጣል፣ ሌላ ቤት ሞክሪ ነው ምክሩ። ክፋት የለውም። የደከመው ሰው ነው።

ቁጥር 5 ቁጥር 3ን አረመው። 45 ቀን የቀድሞው አዋጅ 377/1996 ላይ የነበረ እንደሆነ፣ በአዲሱ ግን 60 የሥራ ቀናት መሆኑን ጠቆመ። የሥራ ቀን ሲባል እረፍቱ ስለማይቆጠር ከሁለት ወር ያልፋል። ቁጥር 3 ወዲያው ገብቶ አመስግኖ አስተካከለ፤ ቁጥር 6 እሱ ነው። ጨዋ ሰዎች እንዲህ ሲተራረሙ ደስ ይላል። ደስታዬ ግን አልቆየም።

ቁጥር 7 መጣ። የዛሬ ልጆች ሥራም ክብርም በአንድ ትሪ ይቅረብልን ትላላችሁ ብሎ ጀመረ። በእሱ ዘመን ሰው ሥራ ለማግኘት ጫማ ይጠርግ ነበር። ዞር በይ መባሉ ምን ነውር አለው፣ አስተናጋጅ ቁመናዋ ነው ሥራዋ ሲል ጻፈ። ሰርተፊኬት ቢቆሽሽ ሌላ አውጪ፣ ለዚህ ክር መክፈት የጥጋብ ነው ብሎ ደመደመ።

ቁጥር 8 አልቻለችም። ለቁጥር 7 የጻፈችለትን እዚህ ሁሉንም ማስፈር አይቻልም። ፍሬው ግን ይሄ ነው። ሥራ ጠያቂን ሴት አዙሮ ማየት ቅጥር ሳይሆን ብልግና ነው። አዲሱ አዋጅ ወሲባዊ ትንኮሳን ለይቶ ስም ሰጥቶ ከልክሏል፣ ሰውየው ያደረገው እዚያ አይደርስም ብትሉ እንኳን መንገዱ ወደዚያ ነው አለች። ከዚያ ቁጥር 7 ሴት ልጅ እንዳለው ጠየቀችው። እሱም ቁጥር 9 ላይ ልጄን እንዲህ ያለ ሥራ አላሠራም ሲል መለሰ። መልሱን ለቁጥር 8 ቀለብ ነው የሰጣት። ቁጥር 10 ላይ እንዴት እንዳደረገችው ራሳችሁ ወርዳችሁ አንብቡ።

በዚህ መሐል ቁጥር 11 ሰርተፊኬቴ ላይ ስለቀረው የፍርፍር ዘይት ጠየቀኝ። ጥሬ ዱቄት ነስንሰሽ ሌሊቱን ካሳደርሽው ዘይቱን ይመጠዋል አለኝ። ቁጥር 12 ዱቄት አይሆንም፣ ታልክ ፓውደር ነው የሚሻለው አለች። ቁጥር 13 በሎሚ ሞክሪው ሲል ቁጥር 12 ቀለሙን ያጠፋዋል ብላ ጮኸችበት። ማናጀሩ ተረስቶ ስለ በርበሬ ዘይት ክርክር ሆነ። ቁጥር 14 ነገሩን ዘጋው። ሁለተኛ ዋናውን ወረቀት ይዘሽ ሥራ ፍለጋ እንዳትሄጂ፤ ኮፒ ውሰጂ፣ ዋናውን የሚያዩት የተቀጠርሽ ዕለት ይሁን አለኝ። ዱቄቱን ሞክሬዋለሁ። ቀይነቱ ቀነሰ፣ አልጠፋም።

ቁጥር 15 ላይ ትንሽ ልቆይ። ደብረ ብርሃን ውስጥ ማናጀር ሆኖ የሠራ ሰው ነው፤ አሁን ትቶታል። መጀመሪያ የወንበሩን ሌላ ጎን አሳየን። ባለቤቱ አዲስ አበባ ይቀመጣል። በየማታው እየደወለ የቀን ሽያጭ ይጠይቃል። ጎደለ ከተባለ ከማናጀሩ ይቆረጣል። ደንበኛ ሳይከፍል ሹልክ ይላል፣ ሂሳቡ አስተናጋጇ ላይ ይወድቃል፣ እሷ ደግሞ በማግስቱ ስልኳን አጥፍታ ትቀራለች። አዲስ ሰው እስኪገኝ ማናጀሩ ራሱ ትሪ ይሸከማል። ይሄን ሁሉ ካለ በኋላ ግን ሰውየውን አልተከላከለለትም። ጣት ማጮህም፣ ሰውን አቁሞ መብላትም ብልግና ነው አለ። እሱም አስተናጋጅ ሆኖ ነው የጀመረው፣ አለቃው በጥፊ መትቶት ያውቃል።

ከዚያ እኔ ያልጠበቅኩትን ነገር ነገረን። አንዳንድ ቤቶች ሙከራ የሚሉትን አስበውበት ነው የሚያደርጉት። ዩኒቨርሲቲው ተማሪ የሚያስመርቅ ጊዜ ከየአገሩ ወላጅ ይመጣል፣ ከተማው ይሞላል፣ ሬስቶራንቱ መቀመጫ ያጣል። ያን ጊዜ ማስታወቂያ ይለጥፋሉ። ሦስት አራት ልጅ በሙከራ ስም ያስገባሉ። ግርግሩ ሲያልፍ ልምድ ያላት ተገኘች ብለው ያሰናብታሉ። ምሳ ካበሏቸው አበሏቸው፤ ሌላ ወጪ የለባቸውም። ይሄን ሳነብ ዝም አልኩ። እኔ የገባሁት ልክ የምረቃው ሰሞን ነበር። ከእኔ ጋር ሌላ የሙከራ ልጅ ነበረች፣ እሷም በዚያው ማታ ነው የተሰናበተችው። ልምድ አላት የተባለችውን ልጅ ማናችንም አላየናትም።

ቁጥር 16 ለቁጥር 15 ይሄን ሁሉ እያየህ ለምን ዝም አልክ አለው። መልስ አልሰጠም።

ቁጥር 17 ደብረ ሲና ምግብ ቤት ያላቸው እናት ናቸው። ልጄ እያሉ ነው የጻፉልኝ። ሁሉንም ቤት በአንድ ዓይን አትዩት አሉ። ሁዳዴ ሲገባ ጥብስም ቁርጥም ቀጥ ስለሚል ሰው እንደሚቀንሱ፣ ለፋሲካ ደግሞ እንደሚፈልጉ፣ ሥራ የምትፈልግ ልጅ የፋሲካን ሰሞን ብትጠብቅ እንደሚቀናት ነገሩን። አዲስ ልጅ ስትመጣባቸው መጀመሪያ ቁርስ ያበሏታል። ከዚያ የበላችበትን ሳህን ማን እንደሚያነሳው ያያሉ። ሙሉ ትሪ መሸከም ሁሉም ይማረዋል፣ የቆሸሸ ሳህን ሳይነግሯት የምታነሳዋን ነው የምፈልገው አሉ። ለሙከራው ቀንም ይከፍላሉ። ቁጥር 18 የደብረ ሲናን ቆሎ እንደሚያውቀው ጽፎ ከጣርማ በር ወርዶ ደብረ ሲና ሳይቆም ያለፈ ሰው የለም ብሎ ሌላ ወሬ ሊከፍት ነበር። ማንም አልተከተለውም።

ቁጥር 19 የደላላ ነገር አነሳ። ለአገናኘሁህ ብሎ የመጀመሪያ ደመወዙን ግማሽ የወሰደበት ሰው አለ። ቁጥር 3 ተመልሶ መጣ፤ ቁጥር 20 ነው። በአዋጁ የግል ሥራ አገናኝ ማለት ከሠራተኛው በቀጥታም በተዘዋዋሪም ሳይቀበል የሚያገናኝ ነው፣ ከሥራ ፈላጊ የሚወስድ ደላላ ከሕጉ ውጭ ነው የሚሠራው አለ። ደላላው ግን አዋጁን አላነበበም የሚል ሳቅ ተከተለ።

ቁጥር 21 ክሩን አበላሸው። ደመወዝ የወረደው ተፈናቃዮች በርካሽ ስለሚሠሩ ነው፣ እነሱ ባይመጡ ባለሬስቶራንቶቹ እንዲህ አይንቁንም ነበር አለ። እኔ መልስ ልጽፍ ስል ቁጥር 22 ቀደመኝ። ከወለጋ ተፈናቅሎ ደብረ ብርሃን መጠለያ የሚኖር ልጅ ነው፤ አንድ ሆቴል ጓዳ ውስጥ ሳህን ያጥባል። አልተሳደበም። በርካሽ የምሠራው ስለፈለግኩ አይደለም፤ ባለቤቱ መጠለያ እንደምኖር ሲሰማ ከሌሎቹ ያነሰ ነገረኝ፣ እምቢ ብል ከኋላዬ የቆመ ሌላ አለ አለ። ለእኔ ያነሰውን የነገረኝና አንቺን በነጻ ያሠራሽ አንድ ዓይነት ሰው ነው ብሎ ወደ እኔ አዞረው። ቁጥር 21 ሊመልስ ሞከረ፣ አወያዩ ገብቶ ጽሑፉን አነሳበት። ስለዚህ ቁጥር 23 ባዶ ነው።

ከዚያ በኋላ ትንሽ ወደ ጨዋታ ሄደ። ቁጥር 24 የጥብስ ዋጋ እዚህ ደርሶ ለአስተናጋጅ የሚከፈለው አለመጨመሩ ገርሞታል። ቁጥር 25 ቲፕ ሰብስቦ ማካፈል ይሻላል ወይስ ለየራስ መያዝ ብላ ጠየቀች። ቁጥር 26 እና 27 በዚህ ተጨቃጨቁ። አንዱ ጓዳ ያሉት ወጥ ሠሪዎችና ሳህን አጣቢዎች ድርሻ ይገባቸዋል ይላል። ሌላው የተሰደብኩት እኔ፣ የምካፈለው ለምን ይላል። እኔ ከቁጥር 26 ጋር ነኝ፤ ጓዳውን አይቼዋለሁ።

ቁጥር 28 ወደ ጉዳዩ መለሰን። ደመወዝሽ ስንት እንደሆነ ካልተነጋገራችሁ ምን ያህል ልትጠይቂ ነው አለኝ። ጥሩ ጥያቄ ነው። በአገሪቱ ለግል ድርጅት የተቆረጠ ዝቅተኛ ደመወዝ የለም፤ አዋጁ የደመወዝ ቦርድ ነገር ቢያነሳም ማለት ነው። ቁጥር 29 ቤቱ ለሌሎቹ አስተናጋጆች የሚከፍለውን ጠይቂና በቀን አስልተሽ ያንኑ ጠይቂ ብላ መከረችኝ። አብራም በዚያ ቤት መሥራትሽን የሚያሳይ ነገር አለሽ ወይ አለች። የጽሑፍ መልእክት፣ ፎቶ፣ ምንም ቢሆን። ያኔ ነው ትዝ ያለኝ። ማናጀሩ ሺፍት የሚለጥፍበት የሠራተኞች ቴሌግራም ግሩፕ ውስጥ አስገብቶኝ ነበር። ሲያሰናብተኝ ማስወጣቱን ረስቷል። ስሜ ከነሺፍቱ፣ ከነሰዓቱ እዚያው ተቀምጧል። በየማታው የጻፈው እሱ ራሱ ነው።

ቁጥር 30 ስክሪንሾቱን አሁኑኑ አንሺው፣ እዚህ መጻፍሽን አይቶ ሳያጠፋው አለኝ። አነሳሁ። የክፍያ ጥያቄ በ6 ወር ውስጥ ካልቀረበ በይርጋ እንደሚታገድም ቁጥር 3 አስታወሰኝ። ቁጥር 31 መሆኑ ነው።

ቁጥር 32 እኔ ነኝ። ወደ ከተማው ሥራና ሥልጠና መምሪያ ሄጄ ነገርኳቸው። የሥራ ሁኔታ የሚቆጣጠረው ባለሙያ ስክሪንሾቱን አይቶ እዚያው ፊቴ ደወለለት። ማናጀሩ መጀመሪያ አላውቃትም አለ። ስለ ግሩፑ ሲነገረው ዝም አለና አንዷ የሙከራ ልጅ ትሆናለች አለ። የሙከራ ውሉን ይዘህ ና ሲባል ውል የለም። ገንዘቡ በዚያው ሳምንት በቴሌብር ገባልኝ። የትርፍ ሰዓቱ የለበትም፤ መደበኛው ቀን ብቻ ነው። ይቅርታም የለበትም።

ቁጥር 33 እልል አለች። ቁጥር 34 የትርፍ ሰዓቱን ትተሽ መቀበልሽ ለሌላው ልጅ ጎጂ ነው ብሎ ተቆጣኝ፣ ጠበቃ ያዢ አለኝ። ቁጥር 35 በአንተ ገንዘብ ይሆናል ጠበቃ የሚያዘው ብሎ መለሰለት። ቁጥር 7 እንደገና ብቅ ብሎ አሁን ያቺ ከተማ ውስጥ ማን ይቀጥርሻል አለ። ሰውየው እንዲህ ነው። ግን ጥያቄው አያስቅም፤ ማናጀሮች ይተዋወቃሉ። አብራኝ የነበረችው ልጅ እሷም ትጠይቅ እንደሆን ደውዬላት ነበር። እሺ ብላ እስካሁን አልሄደችም፤ አሁን ሌላ ቤት ገብታለች፣ ስሟ እንዲነሳ አትፈልግም። አልፈረድኩባትም።

ቁጥር 37 ዛሬ ጠዋት ነው የገባችው። ከላይ ያለውን ሁሉ እንዳነበበች ነገረችኝ። እህቷ ሥራ ፈልጋ አጥታለች፣ ስለዚህ የሬስቶራንቱን ስም ብነግራት፣ አሁንም ሰው ይፈልጉ እንደሆነ። በውስጥ መስመር ነገርኳት። ኮፒ ይዛ እንድትሄድ፣ ከመጀመሯ በፊት የቀኑን ሂሳብ እንድትጠይቅና ግሩፑ ውስጥ ካስገቧት እንዳትወጣ ጨመርኩላት። ቁጥር 38 ላይ አመሰገነችኝና ቁርስ በልታ ትሂድ ወይ ብላ ጠየቀች። ትብላ።